እግዚአብሔር ሲጠራን እምቢ ማለት እንችላለን? ስለ ነጻ ፈቃድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ በማኅበር ቤት፣ በሥራ ቦታ ሻይ ሰዓት ላይ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቹ ባብዛኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ትምህርት ይከተላሉ፣ ሌሎች የሚለዩበትን ቦታ እጠቅሳለሁ።

ነጻ ፈቃድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው መልካሙንና ክፉውን ለይቶ፣ ወድዶ መምረጥ ይችላል ማለት ነው። ዘዳግም 30፥19 ላይ ሙሴ ሕይወትንና ሞትን፣ በረከትንና መርገምን ሕዝቡ ፊት ያስቀምጣል። ከዚያ ምረጡ ይላቸዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 ደግሞ ነገሩን እጅ ላይ ያመጣዋል። እሳትና ውኃ ፊትህ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ትሰዳለህ ይላል።

ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ዛሬ ፈቃድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ ነው። የበላይ ለበታች ፈርሞ የሚሰጠው ወረቀት። በግእዝ ግን «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ሻ፣ ፈለገ ማለት ነው። ስለዚህ ነጻ ፈቃድ ስንል የምናወራው ስለ ተፈቀደልን ነገር ሳይሆን ስለምንሻው ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይምታታበታል።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉን አይመርጥም። ወላጆቹን፣ የትውልድ ቀዬውን፣ ቁመቱን አልመረጠም። ነጻነቱ ያለው ለቀረበለት ነገር በሚሰጠው ምላሽ ላይ ነው።

ሁሉን ቻይ ከሆነ ለምን አያስገድደንም?

ይችላል። ግን ተጎትቶ የመጣ ሰው መጣ አይባልም።

በአገራችን ሚስት የሚገኝበት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ጠለፋ ነው። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ትወጣና በዚያው ትቀራለች። ዛሬ በሕግ ወንጀል ነው፤ ድሮም ቢሆን ልቧ የት እንደቀረ የጠየቃት አልነበረም። ሌላው ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ሳይባሉ አይገቡም፣ ጉዳያቸው እሺ ሳይባል አይቀመጡም። ሌላ ቀን ኑ ከተባሉ ሌላ ቀን ይመጣሉ። እግዚአብሔር ሽማግሌ ላኪ ነው እንጂ ጠላፊ አይደለም። ነቢያቱን አንድ በአንድ ላከ፣ አንዳንዶቹ ተደብድበው ተባረሩ። ራእይ 3፥20 ላይ ደግሞ ራሱ መጥቶ «እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» ይላል።

ጌታ በኢየሩሳሌም ላይ የተናገረውን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ዶሮ ጫጩቶችዋን በክንፎችዋ ሥር እንደምትሰበስብ ልጆችሽን ልሰበስብ «ስንት ጊዜ ወደድሁ! አልወደዳችሁምም» ይላል፤ ማቴዎስ 23፥37 ነው። ግሡ አንድ ነው። የእሱ መውደድና የእነሱ አለመውደድ ፊት ለፊት ቆሙ፤ እሱም በሩን አልሰበረም፣ አዘነ እንጂ።

እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ካለ «ወደ እሱ መቅረብ» ምን ትርጉም አለው?

መቅረብ ሲባል ቦታ መቀየር አይደለም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለሳምንት ቃል ያልተለዋወጡ ባልና ሚስት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሩቅ የሆኑት በሜትር አይደለም። አዳም ዛፎቹ መሃል ሲደበቅ «ወዴት ነህ?» ተባለ። የጠየቀው የተደበቀበት ዛፍ ጠፍቶበት አልነበረም። ዮናስም ወደ ተርሴስ ሲሸሽ የመርከቡን ዋጋ እንኳ ከኪሱ ከፍሏል። የሸሸበት ባሕር ግን የዚያው የሚሸሸው አምላክ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ እኔ የምወደው መልስ የኤማሁስ መንገድ ነው፤ ሉቃስ 24። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከጌታ ጋር አብረው ሄደዋል፣ አልለዩትም። መንደሩ ሲደርሱ እሱ አልፎ ሩቅ የሚሄድ መሰላቸው። ልግባ አላላቸውም። እነሱ ናቸው «ከእኛ ጋር እደር፣ ቀኑ መሽቷል» ብለው ግድ ያሉት። መጽሐፉ «ግድ አሉት» ነው የሚለው። እንግዳ በሞቴ ሳይሉ የማይሸኙ አያቶች ያሳደጉት ሰው ይህ ቃል ይገባዋል። ግድ የሚለው ሰው ነው፤ እሱ ግድ እስኪሉት ይጠብቃል። እንጀራውን ቆርሶ ሲሰጣቸው ነው ዓይናቸው የተከፈተው። መንገዱን ሙሉ አብሯቸው ነበር፣ የቀረቡት ግን ማዕድ ላይ ነው።

ጥሪው የእሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሳሙኤልም አላወቀም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ። የሚገርመው መሳሳቱ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጊዜ መነሣቱ ነው። ለዚህ ነው የንስሐ አባት የሚያስፈልገው፤ ጆሮው የለመደ ሰው «ተመለስና ተኛ፣ ደግሞ ቢጠራህ እንዲህ በል» ይላል። የሰማኸውን ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ብለህ ብቻህን አትሩጥ። በተለይ ድምፁ ሁልጊዜ አንተ የምትፈልገውን ብቻ የሚናገር ከሆነ።

38 ዓመት የተኛ በሽተኛ «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመጻጉዕ፣ አንድ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ሆስፒታል ገብቶ የተኛን ሰው መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብትሉት ምን እንደሚላችሁ አስቡት።

ሰውዬው የመለሰውን ግን እዩ። «አዎ» አላለም። ዮሐንስ 5፥7 ላይ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ የለም፣ እኔ ስደርስ ሌላው ይቀድመኛል አለ። ይህ መልስ አይደለም፣ ብሶት ነው። 38 ዓመት ሙሉ በልቡ ያከማቸውን ብሶት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው አግኝቶ ዘረገፈው። ጌታም አዎ ወይም አይ ብለህ በቀጥታ መልስልኝ አላለውም። ከዚያ ብሶት ውስጥ መሻቱን ለቅሞ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው። እግዚአብሔር የሚጠብቀው ያማረ እሺታ ይመስለን ነበር። እዚህ የተቀበለው ግማሽ እሺታ ነው፣ ያውም በቅሬታ የተጠቀለለ።

የታሪኩ ሌላ ጫፍ ያስደነግጣል። በእኛ አባቶች ትርጓሜ ጌታን በተያዘ ጊዜ በጥፊ የመታው ይኸው የተፈወሰው ሰው ነው ይባላል። ፈውሱ እጁን አልያዘበትም። የዳነበት እጅ የፈለገውን ለማድረግ ነጻ እንደሆነ ቀረ።

እመቤታችን ለገብርኤል እምቢ ማለት ትችል ነበር?

ትችል ነበር። ባትችል ኖሮ «ይኩነኒ በከመ ትቤለኒ»፣ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ፣ ማለቷ ባዶ ቃል ይሆን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ታኅሣሥ 22ን እና መጋቢት 29ን ስታከብር የምታከብረው አንድ መልአክ መልእክት ማድረሱን ብቻ አይደለም። አንዲት ወጣት መልስ መስጠቷንም ነው።

ሉቃስ ነገሩን እንዴት እንዳስቀመጠው ተመልከቱ። ደነገጠች፣ ዝም ብላ አሰበች፣ ከዚያ ጠየቀች፦ ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል? መልአኩም ምን አገባሽ አላላትም፤ አስረዳት። እሺታዋ የመጣው ከማብራሪያው በኋላ ነው። ብዙ ሰው መጠየቅ አለማመን ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ጥያቄው የፈቃደኝነቱ አካል ነው። ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ ካህኑ ዘካርያስም ጠይቆ ነበር። እሱ ግን የፈለገው ምልክት ነው፣ ምልክቱም ዲዳ መሆን ሆነበት። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ጥያቄዎች መንታ ይመስላሉ። አንዱ እንዴት ልታዘዝ ይላል፣ ሌላው በምን ልመን።

ልቤ ሳይፈልግ ብጸልይ ግብዝነት አይሆንም?

ግብዝነት ለሰው ዓይን ብሎ ማድረግ ነው። ሳይወዱ ጀምሮ መውደዱን መለመን ሌላ ነገር ነው።

እኔ በጠዋት መነሣት የማልወድ ሰው ነኝ። ባለፈው ጾም አንድ እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቅዳሴ ገባሁ። ሰውነቴ መጣ እንጂ ሌላው ነገሬ አልጋ ላይ ነበር የቀረው። ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ከጎኔ አንዲት እናት መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያንጎላጃሉ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» አለ፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። እማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተነሡ። ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ ነው ዓይናቸው የተገለጠው። መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ዓይን። ልብ ምናልባት ከዚያ በኋላ። እኔም ተነሣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሐፍረት ይዞኝ ነው።

ቅዳሴው ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ፣ ይላል። ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን፣ ብሎ ይመልሳል። ካህኑ እኔ ላንሣላችሁ አላለም። ማቴዎስ 21 ላይ ካሉት ሁለት ልጆችም አባቱን ያስደሰተው መጀመሪያ «አልወድም» ብሎ ኋላ ተጸጽቶ የሄደው ነው። «እሺ ጌታዬ» ያለው ቀረ። የአፍ እሺታ ርካሽ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።

በ40 ቀኔ ስጠመቅ ማን ጠየቀኝ?

ማንም አልጠየቀም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ወክለው ይመልሳሉ። የእናት ጡትም፣ ስምም፣ አማርኛም ሳንጠየቅ ነው የተሰጡን። ሳይጠየቁ ስጦታ ማግኘት መገደድ አይደለም። የተሰጠውን የራስ ማድረግ ግን በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፣ እሱን ክርስትና አባት አይሠራልንም። ብዙዎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ይለያሉ፤ ሰው በራሱ አፍ ካመነ በኋላ ይጠመቅ ይላሉ። ጥያቄው የሚያሳስባቸው ከእኛ ባልተናነሰ ነው ማለት ነው፤ መልሱን የሚያስቀምጡበት ዕድሜ ነው የሚለየው።

ልጄ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሏል። ላስገድደው?

በተለይ ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ይህን የሚጠይቁት እንባ እየተናነቃቸው ነው። ትንሽ ልጅ ከሆነ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው፣ እጁን ይዞ መውሰድ ነው። 15 እና 16 ዓመት ከሆነው በኋላ ግን በጉልበት የሚገባው አካሉ ብቻ ነው። ሉቃስ 15 ላይ ያለው አባት ድርሻዬን ስጠኝ ላለው ልጅ ሰጠው። አላሰረውም፣ ሰው አሰልፎም አላስመለሰውም። ዓይኑን ግን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም፤ ገና ሩቅ ሳለ ያየው ለዚህ ነው።

አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ልጇ አልገባም ሲል መሟገቱን ትታ ቢያንስ መኪና ነድተህ አድርሰኝ አለችው። አደረሳት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። እሷ ስትወጣ ከጠበል ጻዲቁ ዳቦ ቆርሳ ታመጣለታለች፣ ምንም አትለውም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ የክረምት ጠዋት ገብቶ ከኋላ ቆመ። እስከ ዛሬ «የገባሁት በርዶኝ ነው» ይላል።

ተስዬ ሐሳቤን ብቀይርስ?

ስለት ማንም አያስገድድም። ዘዳግም 23 ባትሳል ኃጢአት የለብህም ይላል፣ ከተሳልህ ግን አትዘግይ። ሐምሌና ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚጎርፈው ሰው ይህን ያውቃል፤ ነጻነቱ ያለው ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ነው። በጭንቀት ሰዓት ከአቅም በላይ የተሳለ ሰው ግን ዝም ብሎ ከሚሸሽ ለንስሐ አባቱ ይንገር።

«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚባለውስ?

ሰው ገና በሕፃንነቱ፣ በ40 ቀኑ፣ ዕድሉ ተወስኖ ያልቃል የሚል የሕዝብ እምነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሁሉ ተጽፎ ያለቀ ቢሆን ንስሐ ግቡ ብሎ መስበክ ምን ይሠራል? ትእዛዝስ ለማን ይሰጣል? በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ስለ ቀደር፣ አላህ አስቀድሞ ስለወሰነው ነገር፣ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለው የቁርኣን ቃል፣ 2፥256፣ ግን በሁሉም አፍ ላይ ነው።

ይህ አባባል የሚያጽናና ጎን እንዳለው አልክድም። ልጁ ለሞተበት ሰው «ዕድሉ ነው» ማለት ራሱን እንዳይወቅስ ይረዳዋል። ችግሩ ያው ሰው ሚስቱን ደብድቦ ወይም ደመወዙን ጠጥቶ «ዕድሌ ነው» ሲል ነው። ያኔ ቃሉ መጽናኛ መሆኑ ቀርቶ መደበቂያ ይሆናል። አዳምም ዛፍ ነበረው።

የማደርገውን አስቀድሞ ካወቀ ምርጫዬ የውሸት አይደለም?

ማወቅ ማድረግ አይደለም። ምጣዱን ትነካለች ያልኳት ልጅ ብትነካው ያስነካኋት እኔ አይደለሁም። ምሳሌው ሙሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ገምቼ ነው፣ እግዚአብሔር አይገምትም። ለእሱ ግን ትናንትና ነገ የለም። የምመርጠውን የሚያየው እየመረጥሁ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዎች አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ይሁዳ አሳልፎ እንደሚሰጠው፣ ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክደው። ሁለቱም የተባለውን አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ተለያየ። አንዱ ወጥቶ መራራ ለቅሶ አለቀሰ፣ ሌላው ገመድ ፈለገ። መነገሩ ማስጠንቀቂያ እንጂ ፍርድ አልነበረም ብዬ ነው የማነበው።

ታዲያ የፈርዖንን ልብ ማን አደነደነ?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ቀላል መልስ የሚሰጣችሁን ሰው ተጠራጠሩ። እግዚአብሔር ልቡን አጸናዋለሁ ብሎ ገና ከመነሻው ለሙሴ ነግሮታል። ታሪኩ ሲጀምር ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት መቅሠፍቶች ላይ የምናነበው የፈርዖን ልብ ጸና ወይም ፈርዖን ልቡን አደነደነ የሚል ነው። እግዚአብሔር አጸናው የሚለው ከስድስተኛው፣ ከቍስሉ በኋላ ይመጣል፣ ዘጸአት 9፥12። ሰውዬው አምስት ጊዜ ራሱ የዘጋውን በር ነው እግዚአብሔር የዘጋው። የጥንቱ የእስክንድርያ መምህር ኦሪጀንስ የሰጠው ምሳሌም አለ፦ አንዷ ፀሐይ ሰሙን ታቀልጣለች፣ ጭቃውን ታደርቃለች።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚይዘኝ የእንቁራሪቱ ቀን ነው። እንቁራሪት አልጋው ላይ ወጥቷል፣ ቡሃቃው ውስጥ ገብቷል። ሙሴ መቼ እንዲወገድልህ ልጸልይ ብሎ ጠየቀው። «ነገ» አለ። ዛሬ ማታ ማለት ይችል ነበር። ልብ የሚደነድነው እንዲህ ነው፤ በትልቅ ክህደት ሳይሆን በአንዲት «ነገ»።

ጳውሎስንስ አስገድዶት የለም?

መሬት ላይ ጥሎታል፣ ሦስት ቀን አሳውሮታል። ይሄ ማንኳኳት ሳይሆን በር መገንጠል ይመስላል። ጳውሎስ ራሱ ግን በንጉሥ አግሪጳ ፊት ሲናገር «ከሰማይ የታየኝን ራእይ እምቢ አላልሁም» ይላል፣ ሐዋርያት ሥራ 26፥19። እምቢ ማለት የማይቻል ቢሆን ይህን ባላለ። ብርሃኑ አቆመው፤ ሦስት ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ የጸለየው እሱ ነው።

«የመውጊያውን ብረት ብትቃወም ለአንተ ይብስብሃል» የተባለውን ደግሞ ያረሰ ሰው ይረዳዋል። በእነሱ አገር በሬ የሚነዳው ጫፉ በሾለ ዘንግ ነበር። ወደ ኋላ የሚራገጥ በሬ ራሱን ይወጋል። ስለዚህ ከደማስቆ መንገድ በፊትም እየተወጋና እየተራገጠ ነበር ማለት ነው። ብርሃኑ የመጀመሪያው ጥሪ አልነበረም።

መሻቱንም የሚሰጠው እሱ ከሆነ የእኔ ድርሻ የቱ ነው?

ፊልጵስዩስ 2 ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላል። መዳናችሁን ፈጽሙ፤ መፈለግንና ማድረግን በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና። ጲላግዮስ ሰው በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መሥራት ይችላል ወደሚለው ሲያዘነብል አውግስጢኖስ ተነሣበት፤ በ418 እ.ኤ.አ. የቅርታግና ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። በ1524 እና 1525 ለነጻ ፈቃድ የቆመው ኢራስመስና የተቃወመው ሉተር በዚሁ ጉዳይ ተጻጻፉ። በ1618 የተሰበሰበው የካልቪን ተከታዮች የዶርት ጉባኤ ደግሞ ሰው ጸጋን እምቢ ማለት ይችላል ያሉትን የአርሚንዮስን ተከታዮች ነቀፈ። ዛሬ የእኛ ወጣቶች ቴሌግራም ላይ «ካልቪኒስት ነህ አርሚኒያን?» እየተባባሉ የሚከራከሩት የዚያን ትራፊ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን መልስ ጸጋው ይቀድማል፣ ፈቃዳችን ይተባበራል የሚል ነው። ሰባኪዎቻችን የሚወዱት የአውግስጢኖስ ቃልም ያለ አንተ የፈጠረህ ያለ አንተ አያድንህም ይላል። ይህን ከገበሬ በላይ የሚያስረዳ የለም። ዝናቡን አላመጣም፣ ዘሩንም አላበቀለም። ግን ካላረሰ ያው ዝናብ አረም ያበቅልበታል። መቶኛ አውጥቶ ይሄን ያህሉ የእኔ ነው የሚል ገበሬ አላየሁም።

ፈቃዴ ታስሮ ቢሆንስ? ልተው እያልኩ መተው ያልቻልኩ ሰው ነኝ።

ጫት፣ መጠጥ፣ ስልክ ላይ ያለ ነገር፣ ሰው ስሙን ሳይጠራ ይህን ይጠይቃል። ሮሜ 7፥19 የማልወደውን ክፉን ነገር አደርጋለሁ ያለው የወንጌል አስተማሪ ነው። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር፤ ከመነኮሰ በኋላም ከድሮው ፍትወቱ ጋር ዓመታት ታግሏል። ነጻነት እንደ መብራት ማብሪያ ጠቅ የሚደረግ አይደለም፣ እንደ ተሰበረ እጅ ቀስ እያለ የሚጠነክር ነው። ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጅ የያዘው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ፣ ልጁም ተፈወሰ። መውደድ ያልቻለ መውደድን መፈለግ ይችላል። እሱንም ካልቻለ ይህንኑ መናገር ይችላል።

አንድ ነገር ሳልለይ አላልፍም። ከባድ ድብርት ወይም የአእምሮ ሕመም የፈቃድ ስንፍና አይደለም። ሐኪም ያሻዋል፣ መድኃኒትና ጸበልም አይጣሉም። የታመመን ሰው አስሮ ጸበል መውሰድ፣ መድኃኒቱን ቀምቶ «እምነት ይኑርህ» ማለት ከላይ ያልነውን ሁሉ መገልበጥ ነው። ጌታ በጥያቄ ነው የቀረበው፤ እኛ በሰንሰለት የምንቀርበው በማን ፈቃድ ነው?

እስከ መቼ ይጠብቃል?

ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነበር፣ በቃው። ሰዎች ይህን ሰምተው «እንግዲያው እኔም መጨረሻ ላይ» ይላሉ። ትውፊታችን ሁለቱን ጥጦስና ዳክርስ ይላቸዋል። ከጌታ ያላቸው ርቀት እኩል ነው። ሁለቱም እጃቸው ተቸንክሯል፣ ነጻ የቀራቸው አፋቸው ብቻ ነው። ጥጦስ «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» አለበት፤ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ ተባለ። ዳክርስ ሰደበበት።

ዮሐንስ 19 እንደሚለው ወታደሮቹ የሁለቱን ጭን የሰበሩት ጌታ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ዳክርስ ያንን መልስ በጆሮው ሰምቶ በሕይወት የቆየበት ጊዜ ነበረው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳሰበ አልተጻፈም።